ሮም ያለው የክርስትና አባት

ዛሬ ከሰዓት በኋላ እንግዳ ይመጣብኛል። ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ምን ሊጠይቀኝ እንደሚመጣ ግን አላውቅም፤ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ ያቃተኝም በዚሁ ነው። ጠረጴዛውን ሁለቴ ወለወልኩ። መጋረጃውን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁ። እዚህ ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ ከምኖርበት ፎቅ ወደ ታች ሲታይ አውቶቡሱ የሚቆምበት ቦታ ግልጥልጥ ብሎ ይታያል፤ በመጣ ቁጥር የሚወርደውን ሰው ሁሉ ሳጣራ ዋልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐሙስ ዕለት የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ላነሳው አልፈለግሁም፤ በዚህ ስልክ ከምንጣፍ አጣቢ እስከ ቀብር ኢንሹራንስ የማይሸጥልኝ ነገር የለም። ሳነሳው ግን አማርኛ ነው፤ ያውም የየቃሉን ጭራ የሚያዘፍን፣ ጣሊያን አገር ያደገ አማርኛ። «እትዬ ውቢት? ናትናኤል እባላለሁ። የጋሽ ወልዴ ልጅ ነኝ፣ የሮሙ። አሁን ቶሮንቶ ገብቻለሁ። አባቴ ከመሞታቸው በፊት እርስዎ ቤት ሄደህ አንድ ነገር ጠይቅ ብለውኛል።» ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ «በስልክ አይሆንም፤ መጥቼ ነው የምጠይቀው» አለኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

ለልጄ ለሄለን ኮል ባደርግላት በሳቅ ሞተች። «ማሚ! ጋድፋዘሩ ዕዳውን ሊኮሌክት መጣ! ዶንት ኦፕን ዘ ዶር!» አለች ድምፅዋን እንደ ፊልም ሽማግሌ አሻክራ። እሷ ትሳቅ። ያ ቃል አባቷን ከዚህ አገር ሊያስወጣው ሲል እሷ ገና አልተወለደችም።

ጋሽ ወልዴ የባለቤቴ የጌታሁን የክርስትና አባት ነበሩ። ጌታሁን ሲጠመቅ አቅፈው የያዙት እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ ከአባቱ ጋር አበልጅ ሆኑ። አበልጅ ማለት እኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም። ወንድማማች ሲጣላ ሰው ይገላግልና ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ አበልጅ ሲጣላ ግን ሰፈሩ ይደነግጣል። ጋሽ ወልዴ ወጥ ቤት ሆነው ከአንድ ዲፕሎማት ጋር ሮም ሄዱና እዚያው ቀሩ። ጌታሁን በዚያ ክፉ ጊዜ ከእስር ቤት ወጥቶ፣ አገር ጥሎ፣ በረሃ አቋርጦ ሮም ሲደርስ፣ ከባቡር ጣቢያ ወስደው በኋላ በሚያበስሉበት የመነኮሳይት ገዳም፣ ወጥ ቤቱ ሥር አልጋ የዘረጉለት እሳቸው ናቸው። ሮም ውስጥ እሳቸውን የማያውቅ ዘበኛ፣ ቄስና ዳቦ ጋጋሪ አልነበረም ይለኝ ነበር። ወደ ካናዳ ከሚያሻግሩት ሰዎች ጋር ያገናኙትም እሳቸው ናቸው። ሊሄድ ሲል ዝቅ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ብድግ አድርገውት፣ «ጌታሁን፣ አንድ ቀን የምጠይቅህ ነገር አለ። አሁን ብነግርህ ትስቅብኛለህ» አሉት። «ምንም ይሁን፣ ያሉኝን አደርጋለሁ» አለ። ቃል ሰጠ ማለት ነው።

ጌታሁን መጽሐፍ ሲባል የሚያብድ ሰው ነበር፤ እዚህ ላይ ስለዚያ ነገር ካላወራሁ አይገባችሁም። ፒያሳ፣ ከሲኒማ ቤቱ ጎን ባለው ግንብ ሥር መጽሐፍ የሚያከራዩ ልጆች ነበሩ። ጋዜጣ ያነጥፉና መጻሕፍቱን ጀርባቸውን አሳይተው ይደረድራሉ። በስሙኒ አንድ መጽሐፍ ይዞ ማደር ይቻላል፤ መያዣ የሌለው ሰው መታወቂያውን ትቶ ይሄዳል። ያኔ ሱሪ ከታች እንደ ደወል ሰፍቶ መሬት የሚጠርግበት ዘመን ነው፤ ጌታሁንም ያንን ሱሪ ለብሶ፣ መጽሐፉን ከጃኬቱ ሥር ደብቆ፣ ነገር የሠራ ሰው ይመስል ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ሲሄድ ዛሬም ይታየኛል። ከሁሉ የሚወደው አንድ የማፊያ ልብ ወለድ ነበር። ሽፋኑ ላይ ባርኔጣው ፊቱን የጋረደው ሰውዬ አለ፤ ቀለሙ በእጅ ብዛት ረግፏል። ተርጓሚው የማፊያውን አለቃ «የክርስትና አባት» ብሎታል። ይህ የክርስትና አባት የተበደለን ይክሳል፣ የተገፋን ያነሳል፣ የደሃን ልጅ ይድራል። የሚገድለው እንኳ አዝኖ ነው። ጌታሁንና ጓደኞቹ ከዚያ ዘመን ዳኛ ሁሉ እሱን ይመርጡ ነበር። መጽሐፉ አንድ ጉድለት ነበረው፤ የመጨረሻ ገጾቹ የሉም። የኦቾሎኒ ሻጭ ቀዶ ጠቅልሎባቸዋል ይባላል። ጌታሁን መጨረሻውን ሳያውቅ ኖረ፤ እኔን ሲያጫውተኝ ግን በየጊዜው አዲስ መጨረሻ ይሰጠዋል። አንዳንዴ ሰውየው ያመልጣል፣ አንዳንዴ ይመነኩሳል።

ቶሮንቶ የመጣሁት እኔ ቀድሜ ነው፤ እሱ ሲመጣ ተጋባን። ሴንት ጄምስ ታውን አንዲት ክፍል ይዘን ነበር። ሊፍቱ ግማሹን ጊዜ አይሠራም፤ ሲሠራም የአሥር አገር ወጥ ይሸታል። የሰብዌይ ቶከን፣ ያቺ እንደ ሳንቲም ያለች መሳፈሪያ፣ ያኔ ከአንዲት ሸሚዝ ቁልፍ አትበልጥም ነበር፤ ኪስ ቀዳዳ ካለው ጠፋች ማለት ነው። ኮቶቻችን ሁሉ ትከሻቸው በስፖንጅ የተነፋ ስለነበር፣ ጠባብ በር ላይ ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን አናልፍም። እኔ ኤግሊንተን ዌስት፣ ሲኞር ሳሮ የሚባሉ ሲሲሊያዊ ልብስ ሰፊ ጋ የሱሪ ጫፍ እያጠፍኩ እሰፋ ነበር። ከጎናችን የአንድ ጃማይካዊ የዘፈን ሸክላ ሱቅ አለ፤ ቤዙ ሲመታ መርፌ ያለበት ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ ይሄዳል። ሲኞር ሳሮ ግድግዳውን በመቀስ እጀታ ይደበድባሉ፣ ጃማይካዊው ይቀንሳል፣ ቡና ሰዓት ላይ ደግሞ አብረው ደጅ ቆመው ያጨሳሉ። ባለፈው በዚያ ሳልፍ ሱቁን ስልክ የሚጠግኑ ልጆች ይዘውታል። መንገዱ ለባቡሩ ሲቆፈር ስንቱ ሱቅ እንደተዘጋ እግዜር ይወቀው። አየሩ ውስጥ ግን ያ የካውያ እንፋሎት ሽታ ያለ መሰለኝና ደጃፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

የጌታሁን የጥገኝነት ኢንተርቪው ዳውንታውን ነበር፣ በጠዋት። ተርጓሚ ይምጣልህ ቢባል «እኔ እንግሊዝኛ ተምሬያለሁ» ብሎ እምቢ አለ። እኔ ሚስት ነኝና ከጎኑ ተቀመጥኩ። ጠያቂው ሰው ክራቫቱን ያላላ፣ ፊቱ ክፋት የሌለበት ሰው ነበር። እስር ቤቱን ጠየቀው፣ በረሃውን ጠየቀው፤ ጌታሁን ደህና አድርጎ መለሰ። ሮም ላይ ደረሱ።

«ጣሊያን ውስጥ ማን ረዳህ?»

«ማይ ጋድፋዘር» አለ ጌታሁን ደረቱን ነፍቶ፤ የክርስትና አባቴ ማለቱ ነው።

ሰውየው መጻፉን አቆመ። «ማን አልክ?»

«ጋድፋዘር። ሮም ውስጥ ትልቅ ሰው ነው። ሁሉም ያከብረዋል። በየቦታው ሰው አለው።»

«የት የት?»

«በር ላይ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ። እሱ ካለ በር ይከፈታል።»

«ለዚህ ሁሉ ውለታው ምን ሰጠኸው?»

«ምንም። ጉልበቱን ሳምኩት።»

እኔ በዚያው ስም የሚጠራውን የማፊያ ፊልም አይቻለሁ፤ እዚህ አገር ፊልም ያላየ የለም። ነገሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ገብቶኝ ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። እሱ ግን ጫማዬ የጠበበኝ መስሎት እግሩን ሰበሰበልኝ።

«ታዲያ ምንም አልጠየቀህም?» አለ ሰውየው ቀስ ብሎ።

«ገና ነው። አንድ ቀን የምጠይቅህ ነገር አለ ብሎኛል። ያለኝን አደርጋለሁ።»

ሰውየው ወረቀቶቹን ሰበሰበ። ኬዙ ለጊዜው እንደሚቆይ፣ ሌላ ቀጠሮ እንደሚሰጠን፣ ያን ጊዜ ይህ «ጋድፋዘር» የተባለው ሰው ማን እንደሆነ የሚያስረዳ ይዘን እንድንመጣ ነገረን። ውጭ ስንወጣ ጌታሁን «ምን አጠፋሁ? ቃሉ እኮ ትክክል ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ መዝገበ ቃላት ብታዩ ቃሉ ትክክል ነው። እኔ ግን በረዶው ላይ ቆሜ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህን ሰው ቢመልሱብኝ ወደ ሮም አይደለም የሚመለሰው፣ ወደዚያ ወደወጣበት እስር ቤት ነው። ከዚያ ሁለተኛ ጊዜ የሚወጣ ሰው አላውቅም ነበር።

ወሬው እኛ ሳንደርስ ሴንት ጄምስ ታውን ደረሰ። ጌታሁን ማፊያ ነው አሉ፣ ሮም ውስጥ አለቃ አለው አሉ። ጠዋት ጠዋት «አንተ ጌታሁን» ይለው የነበረ ጎረቤታችን ሊፍት ውስጥ «እንደምን አደሩ» ብሎ ቦታ ለቀቀለት። ግማሹ ሸሸን፣ ግማሹ ደግሞ ጠላቱን እንድናስፈራራለት ሊለምነን መጣ። መጀመሪያ ላይ ጌታሁን ራሱ፣ አይፈረድበትም፣ ደስ ብሎት ነበር። ከአሮጌ ልብስ ቤት ጥቁር ባርኔጣ ገዝቶ መስታወት ፊት ሲቆም አገኘሁት። ነጥቄ ኦቨን ውስጥ ደበቅኩት፤ በማግስቱ ረስቼው ዳቦ ላሞቅ እሳቱን ለኮስኩ። የተቃጠለ ሱፍ ሽታ ለሳምንት አለቀቀንም፣ እኛም ለሳምንት አልተነጋገርንም።

በመጨረሻ ለሲኞር ሳሮ ነገርኳቸው። ካውያውን ይዘው ነበር። «ሲኞር፣ ማፊያ ማለት በእውነቱ ምንድን ነው?» ስላቸው ካውያውን አስቀመጡ፣ በጠራራ ፀሐይ የሱቁን በር ቆለፉ፣ ሬዲዮኑን ከፍ አደረጉ። ፊታቸው ነጭ ሆኖ ነበር።

«ውቢታ» አሉኝ፤ ስሜን እንዲያ ነበር የሚጠሩት። «ፊልሙ ላይ ባርኔጣ አድርገው፣ ሙዚቃ ተከፍቶላቸው ይገባሉ። እኛ መንደር ሙዚቃ አልነበረም። ሎሚ ነበር።» ከዚያ እየተቆራረጠ ነገሩኝ። ድሮ፣ ከአያቶቻቸውም በፊት፣ ባለመሬቶቹ ጌቶች ከተማ ይኖራሉ፤ ርስቱን የሚያስተዳድር ሹም አላቸው፤ ሹሙ ደግሞ ጠመንጃ የያዙ ጠባቂዎች ይቀጥራል። ሎሚው በመርከብ ባሕር ተሻግሮ በውድ መሸጥ ሲጀምር፣ ጠባቂዎቹ አንድ ነገር ገባቸው። ዛፍ የሚጠብቅ ሰው ዛፍ መቁረጥም ይችላል። እምቢ ያለ ገበሬ ጠዋት ሲነሳ ዛፎቹ ተቆርጠው ያገኛቸዋል፤ ከዚያ ራሳቸው መጥተው «እንጠብቅልህ?» ይሉታል። ውሃው በተራ ነው፤ የውሃውንም ተራ እነሱ ያዙት። «አጎቴ ተራዬን አልገዛም አለ። ቦዩ ውስጥ አገኘነው» አሉ ሲኞር ሳሮ። እኔ ስለ ባላባትና ስለ ምስለኔ እየሰማሁ ያደግሁ ነኝ፤ ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም። እንግዳ የሆነብኝ፣ ያ ሁሉ መጽሐፍና ፊልም አንዲት ሎሚ ሳያሳየን መቅረቱ ነው።

«የክርስትና አባት የሚባለውስ?» አልኳቸው።

«እሱ የእኛ ቃል ነው። ኮምፓሬ እንላለን፤ ልጅህን የሚይዝልህ ሰው።» አበልጅ ማለታቸው ነበር፤ አማርኛውን ስነግራቸው ሁለት ሦስቴ ደጋገሙት። «ሌቦቹ ቃላችንን ከቤተ ክርስቲያን ሰረቁት፤ ደራሲዎቹ ደግሞ አስጊጠው ሸጡት። እኔን ክርስትና ያነሳኝ ኮምፓሬ እረኛ ነበር፤ አንድ ዓይና። ዛሬ የክርስትና አባቴ ብዬ ስሙን ብጠራ ሰው ይስቅብኛል።»

አብረውን መጥተው ይህንኑ እንዲያስረዱ ለመንኳቸው። ፊታቸውን አዞሩ። «አልችልም። የመንደሬ ሰዎች እዚሁ መንገድ ላይ አሉ። ሁሉም እረኛ አይደለም። የማፊያን ስም መንግሥት ቢሮ ገብቶ የሚጠራ ሰው አላየሁም፤ እኔም ለሚስቴ እንኳ ጠርቼው አላውቅም።» በሩን ከፈቱ፣ ሬዲዮኑን ቀነሱ። ከዚያ በኋላ እስከ ቀጠሯችን ድረስ ሥራ ከማዘዝ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። አልተቀየምኳቸውም ብል ውሸት ነው፤ ክፉኛ ተቀይሜያቸው ነበር።

የቀጠሮው ዕለት ጠዋት ከሰብዌይ ስንወጣ፣ ደረጃው አናት ላይ ጥቁር ሱፍ የለበሱ ሽማግሌ ቆመዋል። ሲኞር ሳሮ ናቸው። «ለቀብሬ የሰፋሁት ነው» አሉ ኮቱን እየጎተቱ፣ «እስኪ ዛሬ እንሞክረው።» መቀለዳቸው ነበር፤ ዓይናቸው ግን መንገዱን ይቃኛል።

ያው ሰው ነበር ጠያቂው። ሲኞር ሳሮን አስቀመጣቸውና፣ «ማፊያን ያውቃሉ?» አላቸው ሳያመነታ።

በሩን አዩ። ከዚያ መስኮቱን አዩ። «አውቃለሁ» አሉ። «አጎቴን ገድለውታል።» ቃሉ ሲወጣ ላብ ግንባራቸው ላይ ችፍ አለ። «ስለማውቅም ነው የመጣሁት። የክርስትና አባት ውሃ ሲፈስበት ልጁ እንዳይወድቅ የሚይዝ ሰው ነው። ይሄ ልጅ እየወደቀ ነበር፤ ያ ሰውዬ ያዘው። ሌላ ምንም የለም።»

ሰውየው ወደ ጌታሁን ዞረ። «አንድ ቀን የሚጠይቅህ ነገርስ?»

«ምን እንደሆነ አላውቅም።»

«ቢጠይቅህ ምን ታደርጋለህ?»

በልቤ፣ እባክህ ዛሬ እንኳ ዋሽ፣ አስቤበት እወስናለሁ በል፣ እምቢ እላለሁ በል እያልኩ እመቤቴን ለመንኩ። ጌታሁን ግን እኔንም ሲኞር ሳሮንም ሳያይ፣ «ያለኝን አደርጋለሁ» አለ። የክርስትና አባቱን መካድ አልቻለም። ሰውየው ብዕሩን አነሳና አንድ ነገር ጻፈ። ምን እንደጻፈ አላሳየንም። ያንን ክረምት ፖስታ ሳጥኑን በቀን ሁለቴ ስከፍት ከረምኩ። መልሱ የመጣው በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ነው፤ ጌታሁን እዚሁ ቀረልኝ።

ሲኞር ሳሮ ግን ዋጋውን ከፈሉ። አንድ ቀን የግመል ጠጉር ካፖርት የለበሰ ሰው ወደ ሱቁ ገባ። ልብስ አላመጣም። በጣሊያንኛ ቀስ ብሎ ተናገረ፤ ሲኞር ሳሮ ቀና ሳይሉ መለሱለት። ሰውየው ፈገግ አለ፣ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ጨርቅ በጣቱ ዳሰሰ፣ ወጣ። ምን አለዎት ብላቸው፣ «ዳውንታውን ሄደህ ምን አወራህ አለኝ። ስለ ጥምቀት አልኩት» አሉኝ። ሌላ ነገር አልደረሰባቸውም፤ ሰውየውም ተመልሶ አልመጣም። ግን በማግስቱ ማሽናቸውን አዙረው ፊታቸውን ወደ በሩ አደረጉት፤ ሱቁን እስከዘጉበት ቀን ድረስ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ሰፍተው አያውቁም። የበሩ ብርሃን ፊት ለፊት ስለሚወጋቸው ዓይናቸው ተጎዳ። የተቀበሩት በዚያው ጥቁር ሱፍ ነው፤ ጌታሁንም ከተሸከሟቸው አንዱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዘመን አለፈ፣ ሄለን ተወለደች፣ እዚህ ፍሌሚንግደን ገባን። በየበዓሉ ጌታሁን የስልክ ካርድ ገዝቶ ሮም ይደውላል። «ጋሼ፣ ያ ነገር ምንድን ነው?» ይላል። «ገና ነው» ይሉታል እየሳቁ። ጋሽ ወልዴ በስተርጅና አግብተው ወንድ ልጅ መውለዳቸውን የሰማነውም በዚሁ ስልክ ነው። ጌታሁን ሆስፒታል ተኝቶ፣ ድምፁ ሊዘጋ ሲል፣ ስለ ቤት ወይም ስለ ልጅ ያወራኛል ብዬ ጆሮዬን ባስጠጋ፣ «ውቢት፣ ምን ሊጠይቁኝ ነበር ግን?» አለኝ። መጨረሻ እንደሌለው መጽሐፉ ሆኖበት ሄደ። ቃሉ ደግሞ እኔ ላይ ቀረ። አምና ጋሽ ወልዴ አረፉ ሲባል፣ አለቀስኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ትንሽም ቀለል ብሎኝ ነበር።

አሁን በዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሊጠይቀኝ የሚችለውን ሁሉ ቆጠርኩ። አጽማቸው አገር እንዲገባ ይሆን? ልጁ ሥራ አጥቶ እኔ ዘንድ ሊቀመጥ ይሆን? ይህችን ቤት ይሆን? ጌታሁን እዚህ አገር መኖሩን አደጋ ላይ ጥሎ ያልካደውን ቃል፣ እኔ አሮጊት ሆኜ፣ አቅም የለኝም ብዬ ልክደው ነው? ይህን እያሰብኩ ከታች ደወሉ ጮኸ። ማነው ሳልል ከፈትኩ።

በሩ ላይ የቆመው ጎልማሳ የጋሽ ወልዴን ግንባር ይዞ ነው የመጣው። ከኋላው ወጣት ሚስቱ አለች፤ በእጇ እጀታ ያለው የሕፃን መቀመጫ ይዛለች። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ሲል ያዝኩት። ሻይ አልፈልግም አለ፣ አልቀመጥም አለ። እሱም እንደ እኔ ፈርቷል።

«እትዬ ውቢት» አለ፣ «ልጃችን ሰማንያ ቀኗ ሊሞላ ነው። ክርስትና እናነሳታለን። እዚህ አገር ዘመድ የለንም። አባቴ፣ 'የእኔ ሰው በሌለበት አገር ልጅ ከወለድክ ጌታሁን ቤት ሂድ፤ እኔ እሱን እንደያዝኩት አንዱን ይያዝልኝ፤ የምጠይቀው ይህን ነው' ብለውኛል። ሴት ከሆነች ደግሞ የሚይዟት እርስዎ ነዎት።»

«ይሄን ነው?» አልኩ። «ይሄን ነው ያን ሁሉ ዘመን የደበቁት?»

«አፍረው ነው» አለ ናትናኤል። «ያኔ ሚስት እንኳ አልነበራቸውም፤ ፀጉራቸው ሸብቷል። 'ሽማግሌ ላጤ ስለ ልጅ ልጁ ክርስትና ሲያወራ ማን አይስቅም?' ይሉ ነበር።»

እኔ አልሳቅሁም። ሚስቱ ቀበቶውን ፈታችና ሕፃኗን አነሳቻት፤ የጋሽ ወልዴ ግንባር እሷም ላይ አለ። ከመቀበሌ በፊት መዳፌን በቀሚሴ ጠረግሁ፤ አርጥቦ ነበር።

«እሺ ይሉናል?» አለኝ።

ጌታሁን ለጋሽ ወልዴ የሰጠውን፣ በዚያ ቢሮም ሁለቴ የደገመውን ቃል፣ ሳልቀንስ መለስኩለት። «ያሉኝን አደርጋለሁ» አልኩና እጄን ዘረጋሁ።